የወንድሜ ልጥፍ በማኅበርተኛው ጉልበት

ወሬው መጀመሪያ የደረሰኝ የማዳሜን ባል ነጭ ቀሚስ ስተኩስ ነው። እናቴ ከመካነ ሰላም ቮይስ ላከች። የእናቴ ቮይስ ሥርዓት አለው። ሰላምታው ይቀድማል፤ ከሰላምታው ቀጥሎ የላሚቱ ጤና፣ ከላሚቱ ቀጥሎ የጎረቤቱ ጤና፣ ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። ዋናው ጉዳይ ልትዘጋ ስትል፣ እንደተረሳ ጨው መጨረሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ያን ቀን ግን ላሚቱም የለች፣ ዝናቡም የለ።

«ስሚ አንቺ፣ ወንድምሽ ከአፉ እንፋሎት ይወጣዋል። እንደ ድስት።»

ትንፋሽ ወሰደችና ቀጠለች።

«ሽታው ደግሞ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። እንጆሪ በዚህ ወር ከየት ይመጣል? ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ ከበረቱ ጀርባ ቆሞ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ስጠራው ዋጠው። እንፋሎቱን ዋጠው፣ ልጄ! አብሽሪ ግን፤ ነገ ጠበል ይዤው እሄዳለሁ።»

በቀሚሱ እጅጌ ላይ የካውያ ቅርጽ ታትሞ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ማዳሜ እስከ ዛሬ ሰነፍ ሆኜ ይመስላታል።

እኔ ሻርጃ በምትባል ከተማ በሰው ቤት ሠርቼ የማድር ሰው ነኝ። ሰዎች ጥንቁቅ ናት ይሉኛል፤ እኔ ፈሪ ነኝ ብል ይቀለኛል። መብራት አጥፍቼ መጥፋቱን ለማየት ተመልሼ የማበራ፣ የዘወትር ጸሎቴን አድርሼ «ኧረ አድርሻለሁ ወይ?» ብዬ እንደገና የምጀምር ሴት ነኝ። እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ጸሎት በእጥፍ ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። እንዲህ ያለች ሴት ወንድሟ እንደ ድስት ተነነ ቢሏት ምን ትሁን?

ደግነቱ እንፋሎቱን አውቀዋለሁ። የማዳሜ ትልቁ ልጅ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይውላል። ቬፕ ይሉታል። በባትሪ የሚሠራ፣ የከንፈር ቀለም የሚያክል ነገር ነው፤ ጣዕም የገባበት ፈሳሽ ያሞቅና ኒኮቲኑን በእንፋሎት ይሰጣል። ልጁ ሲስበው ጡጦ የያዘ ሕፃን ይመስላል፤ ጢም ያለው ሕፃን። ወንድሜ ይበልጣል ሳዑዲ ሄዶ የተመለሰ ልጅ ነው። ብዙ ሰው ከዚያ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ እሱ ይህን ልማድ ይዞ መጥቷል ማለት ነው።

ደወልኩለት።

«እታለም፣ ሲጋራ እኮ አይደለም» አለኝ፣ ገና ሰላም ሳልለው።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እንፋሎት ነው።»

«እንፋሎት ከሆነ የእማን ድስት ከድነህ ከፍተህ ለምን አትስብም?»

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ይበልጣል አሁን መካነ ሰላም ባጃጅ ይነዳል። ማስተዋል የምትባል ልጅ አጭቷል። የማስተዋል አባት አያ ደስታው ናቸው፤ የእናቴ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው። አያ ደስታው ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከጉልበታቸው በቀር። ሽማግሌዎቹ ቤታቸው የሄዱ ዕለት፣ «ልጄን የምሰጠው አፉ ለማይጨስ ሰው ነው» ብለው ተናገሩ። ይበልጣልም ተነሥቶ፣ «ሲጋራ አላጨስም» ብሎ ማለ።

«ቃሉ እውነት ነው» ይለኛል። «ሲጋራ አላልኩም ወይ?»

«ስታወጣውስ ጢስ አይመስልም?»

«ይመስላል።»

«መመሳሰሉን ማን ይፈርድልሃል? አያ ደስታው?»

«እኔ እኮ መተው እፈልጋለሁ፣ እታለም። ማስተዋልም ታውቃለች፤ ተው ብላኛለች። ግን ጠዋት ሳልስበው የቀረሁ እንደሆነ ባጃጁን እሰድበዋለሁ። ባጃጅ ምን አደረገኝ?»

በማግሥቱ እናቴ ጠበል ወሰደችው። ወንድሜ እምቢ አላለም፤ ጠበል እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቬፑን ኪሱ ውስጥ ይዞት ገባ። ጠበሉ ከላይ ሲወርድበት ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር «ጥሽሽ» አለ። ያ ከደሴ በስንት መከራ ያስመጣው ዕቃ ኪሱ ውስጥ ሲሞት ጊዜ ወንድሜ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። አጥማቂውም የሰይጣን ጩኸት መሰላቸውና መስቀሉን ግንባሩ ላይ ደግነው፦

«ማን ነህ? ስምህን ተናገር! ለምን ያዝኸው?»

«እታለም ሙች፣ ቬፕ ነኝ ልል ነበር» አለኝ በኋላ።

ሳቄ መጣብኝ፤ ወዲያው በጠበል መሳቄ አስፈራኝና አማተብኩ። ሳስበው ግን ጠበሉ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ክፉውን ዕቃ በአንድ ጊዜ አቃጠለው። የቀረው አምሮቱ ነው፤ አምሮቱን ደግሞ እግዚአብሔር ለሐኪሞች ጥበብ የሰጠው ለዚህ ነው ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ፋርማሲ ሄድኩ።

ፋርማሲስቷ ግብፃዊት ናት። ቬፕ ለማቆም የሚረዳ መድኃኒት እንደምፈልግ ነገርኳት። አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አየች፣ ፊቴን አየች።

«አንቺ ነሽ የምትስቢው?»

«እኔ? ኧረ በስመ አብ! ወንድሜ ነው።»

«ሁሉም ወንድሜ ነው የሚለው» አለችኝና በርኅራኄ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እንዳልሆንኩ ለማስረዳት ስታገል ይባስ አጫሽ መሰልኩ። ተውኩት።

ጥሩ አድርጋ አስረዳችኝ። ልጥፉ እንደ ቁስል ፕላስተር ያለ ነገር ነው። ጠዋት ንጹሕ ደረቅ ገላ ላይ ይለጠፋል፤ ኒኮቲኑን በቆዳ በኩል ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይሰጣል፤ ሰውየው ቬፑን እስኪረሳ ድረስ ገላው እንዳይጮህ ያባብለዋል። ከጠንካራው ይጀመራል፣ እየቆየ ወደ ቀላሉ ይወረዳል፣ ከዚያ ይተዋል። አምሮቱ ድንገት ሲነሣ ደግሞ ማስቲካው አለ፤ ቀስ ተብሎ ታኝኮ ጉንጭ ሥር ይቀመጣል። ልጥፉን ለጥፎ የሚያድር ሰው ኃይለኛ ሕልም ሊያይ ይችላል። በመጨረሻም ጣቷን ቀስራ፦

«ኒኮቲን ለማይወስድ ሰው እንዳትሰጪ! ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡን ያስመታዋል።»

«ማን ይወስደዋል ደግሞ?» አልኳት።

አገሬን ረስቼ ነው።

ዕቃውን ለዕረፍት የምትገባ አንዲት የአቀስታ ልጅ ያዘችልኝ። ለይበልጣል በእጁ እንድትሰጥ አደራ አልኳት። እሷም አደራዬን አክብራ ከአቀስታ በሚኒባስ መካነ ሰላም ድረስ ሄደች። ይበልጣል ግን ለለቅሶ ኩታበር ወርዶ ነበር። ልጅቷን እናቴ ተቀበለቻት፣ አበላቻት፣ አጠጣቻት፣ መርቃ ሸኘቻት። አንዲት እናት እንዲህ አድርጋ ተቀብላሽ «ዕቃውን ልጅዎ ካልመጣ አልሰጥም» ማለት የሚችል አንደበት ወሎ ውስጥ ገና አልተፈጠረም።

ከዓረብ አገር የመጣ ዕቃ በኛ ሰፈር እንዴት እንደሚከፈት የማያውቅ ካለ ልንገረው። ዕቃው ላይ የተጻፈው ስም ለጉምሩክ ነው። ዕቃው ራሱ የሰፈሩ ነው። ሳሙናው በቢላ ለሁለት ይቆረጣል። ቅባቱ ከዕቃው በጣት እየተቆነጠረ በየጎረቤቱ መዳፍ ላይ ይደረጋል። የራስ ምታት ኪኒን ራሱን ላመመውም ላላመመውም ይታደላል፤ ያላመመው «ለሚመጣው» ብሎ ቋጥሮ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለእናቴ መነጽር ልኬላት ጎረቤት ሁሉ በየተራ አድርጎ አይቶበታል፤ ለእትዬ ዘምዘም ተስማማቸውና እዚያው ቀረ። እናቴ ብቻዋን ከምታይ ተካፍላ ብትደናበር ትመርጣለች።

ዕቃው የደረሰው ደግሞ በሚካኤል ማኅበር ዕለት ነው። ተረኛዋ እናቴ ናት።

ስልኬ ጮኸ።

«ይሄ የላክሽው ፕላስተር ምንድን ነው?»

ከጀርባዋ የሰው ድምፅ፣ የብርጭቆ ድምፅ፣ የሳቅ ድምፅ ይሰማኛል። እናቴ ስልክ ጆሮ ላይ ሲያደርጉት አንጎል ያሞቃል ብላ ስለምታምን ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው የምታወራው። ምሥጢሬን ሁሉ ሰፈሩ የሚያውቀው በዚህ መንገድ ነው።

«እማ፣ እሱ የይበልጣል ነው።»

«የይበልጣል መሆኑንማ ልጅቷ ነገረችኝ። ምንድን ነው ነው ያልኩሽ።»

«ተናገሪ ልጄ፣ ሁላችንም እየሰማንሽ ነው» አሉ አያ ደስታው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የሚካኤል ዕለት ነው፣ ጠበል ጻዲቁ ቀርቧል፣ መዋሸት አልችልም። እውነቱን ብናገር ደግሞ የወንድሜን ጉድ የምናገረው ለአማቱ ጆሮ ነው። በዚህ መሃል የሚገኘውን ቀጭን መንገድ ፈልጌ፣ በጣም ተጠንቅቄ፣ እንዲህ አልኩ፦

«መድኃኒት ነው፣ እማ።»

«ለምን ሕመም?»

«ሰውነት ሲያስቸግር... ሲያስጨንቅ... ቀስ እያለ የሚያሳርፍ ነው።»

«የት ነው የሚደረገው?»

«ገላ ላይ ይለጠፋል። ፀጉር የሌለበት ቦታ።»

«ጉልበት ፀጉር የለውም» አለ አንድ ድምፅ።

ደነገጥኩ። «ለሱ ብቻ ነው! ለሌላ ሰው አይሆንም! አደራ!» ብዬ ጮኽኩ።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስፒከሩ ላይ ዝቅ ማድረግ ምን እንደሚጠቅም እንጃ። «አንቺ፣ ሰው ቤት ከርመሽ እንዲህ ሆንሽ? ማኅበርተኛ ተቀምጦ ለሱ ብቻ ይባላል? ኧረ ታሳፍሪያለሽ!»

መልስ ሳልሰጥ ማዳሜ ጠራችኝ። ተመልሼ ስደውል አይነሣም። እየዘመሩ ይሆናል አልኩ። እየለጠፉ ኖሯል።

በማግሥቱ ማለዳ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ የፋሲካ ማግሥት ድምፅ ነው።

«ልጄ፣ ቅዱስ ሚካኤል ጎብኝቶን አደረ!»

«እንዴት ሆኖ?»

«ሁላችንም ሕልም አየን። ሁላችንም! በአንድ ሌሊት! እኔ አባትሽን አየሁት። ነፍሱን ይማረውና በሕይወቱ ብርጭቆ አንሥቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ ቆሞ ሰሃን ያጥባል። ‹አንቺ ተቀመጪ፣ ደክሞሻል› አለኝ። ደክሞሻል አለኝ፣ ልጄ!»

እናቴ አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ከዚያ ነው እንባዬ መሃል ላይ የቆመው።

«እማ፣ ያን ፕላስተር ምን አደረጋችሁት?»

«እሱማ ከሕልሙ በፊት ነው። አያ ደስታው ሁለቱ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ወገቤ ላይ። ዘምዘም፣ ንገሪያት እስቲ።»

እትዬ ዘምዘም የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ማኅበር ባይጠጡም ከማኅበር ቀን ቀርተው አያውቁም፤ የሳቸው ምግብ ለብቻ ይሠራል፣ ወሬው ግን አንድ ነው።

«አፊያ ነሽ ልጄ? እኔ ለራስ ምታቴ ጆሮ ግንዴ ላይ፣ ከሻሼ ሥር አደረግሁት። ወላሂ አምባ መቅደላ አናት ላይ ወጥቼ ሱቅ ከፍቼ አደርኩ! ዘይት በርካሽ እሸጣለሁ፣ አገሩ ሁሉ ተሰልፏል። አንድ ሰው ሰልፍ ሊቀድም ሲል ገፍቼው ከገደሉ ሊወድቅ ሲል ነቃሁ።»

«አያ ደስታውስ?»

«እሳቸውማ» አለች እናቴ፣ «ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ሲሮጡ፣ ሚኒባስ ሲቀድሙ አደሩ። ነቅተው እንቅልፍ እምቢ ቢላቸው፣ ገና ሳይነጋ ሄደው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ብቻቸውን ጠርገው ጨረሱት። ልባቸው እንደ ከበሮ ይመታል አሉ፣ ከመንፈስ ብዛት። ያስመለሳቸውም አሉ፤ ክፉው ወጣላቸው። ማስቲካውን ለጥርስ ሕመምተኞች ሰጠሁ፣ በርበሬ በርበሬ ይላል፣ ስቅታ ይሰጣል እንጂ ደግ ነው። ሌላ ላኪልን።»

«እማ!» አልኩ። እናቴን አዝዤ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እንደ አሥር አለቃ ሆንኩ። «ሁሉም ሰው አሁኑኑ ይላጠው! ቦታውን በደንብ ይታጠብ! ያዞረው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ! አያ ደስታው አሁኑኑ ይታዩ!»

«ሕልሙ ከመጣ ወዲህ ይላጣል?»

«በአባቴ ነፍስ ይዤሻለሁ!»

እናቴ በአባቴ ነፍስ ከተያዘች ተራራም ትገፋለች። እየዞረች ላጠች፣ ላጠች። ጤና ጣቢያ የሄዱትም ግፊታቸው ተለክቶ፣ ውኃ ጠጡ፣ ዕረፉ ተብለው ተመለሱ። ተመስገን፤ ማንም ክፉ አልሆነም። እኔ ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ሰላም ለኪ ደገምኩ።

የሰውነቱ ነገር አለፈ። ያላለፈው ተአምሩ ነው። አያ ደስታው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ፊት ቆመው ሊመሰክሩ ተነሡ። ወሬው አቀስታ ደርሶ፣ «የሚካኤልን ፕላስተር» የሚጠይቅ ሰው በሚኒባስ መጥቶ እናቴ ደጅ ተቀመጠ። እናቴም አውጥታ እንዳትሰጠው፣ ያላደለችው ምን ቀረና? የቀረውን ማኅበርተኛው ሳይከፍት ለክፉ ቀን በየቤቱ ደብቆታል።

እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ጉልበት ሲድን ደስ ይለኛል፤ የኒኮቲን ሕልም በመልአኩ ስም ሲመሰከር ግን ዝም ብል በምን አፌ ቅዱስ ሚካኤልን እጠራለሁ? ብናገር ደግሞ ማስተዋል ከወንድሜ እጅ ትወጣለች። ወደ ንስሐ አባታችን ደወልኩ።

«አባቴ፣ ተአምር አይደለም። መድኃኒቱ ነው ሕልም የሚያሳየው። የማያስፈልገው ሰው ላይ ሲሆን እንዲያ ያደርጋል።»

በር ሲዘጉ ተሰማኝ።

«ልጄ፣ እኔም ትከሻዬ ላይ አለ።»

«አባቴ! እስካሁን?»

«እናትሽ ካህንን ልላጥ አትልም መቼም። ቆይ...» የመላጥ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎም፣ «ኧኽ! ይሄ ነገር ፀጉር ይነቅላል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው የአባትነት ሆነ። «ለምን ያለ መድኃኒት ነው?»

«እሱን እንኳ፣ አባቴ...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«የሌላ ሰው ምሥጢር ከሆነ አትንገሪኝ። ግን ባለቤቱ ከእሑድ በፊት ይናገር። ደስታው ቅን ሰው ነው፤ በቅንነቱ ሰው ፊት እንዲዋረድ አታድርጉት።»

ይበልጣል ከኩታበር ተመለሰ። የደወለልኝ ጫማውን ሳያወልቅ ይመስለኛል።

«እታለም፣ መድኃኒቴ የታለ?»

«አልነገሩህም?»

«ማኅበርተኛው ለጥፎታል አሉኝ! የኔን መድኃኒት ማኅበርተኛው ለጥፎ ሕልም አይቶበታል! እኔ እዚህ ምላሴ አፌ ውስጥ በዝቶብኝ የማደርገው ጠፍቶኛል፣ ቄሱ ሳይቀሩ...» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ባጃጅ ነጂ ጓደኛዬ ከደሴ አዲስ ቬፕ ይዞ መጥቷል። ማንጎ ነው። ሳብ በለኝ ይላል እያለ ያስቀኛል። ዛሬ እምቢ ብዬዋለሁ። ነገን እንጃ።»

«ልጥፎቹ በየቤቱ አሉ እኮ፣ ያልተከፈቱ።»

«እንዴት ብዬ ልጠይቅ? የማላጨስ ሰው፣ የማጨስን መድኃኒት መልሱልኝ ልበል? ከተናገርኩ ማስተዋል ትቀርብኛለች። ዝም ካልኩ አባቷ እሑድ በኔ ምክንያት ለመልአኩ የማይሆን ነገር ይመሰክራሉ፣ እኔም ማንጎው ላይ ነኝ።»

«እኔ ልንገርልህ» አልኩት። የሩቅ ሰው ድፍረት ርካሽ ነው፤ ማንም ዘንቢል አይወረውርብኝም።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ እናቴ ግቢ ተሰበሰበ፤ በእሑዱ ምስክርነት ማን ቀድሞ እንደሚናገር ለመስማማት ነው። እትዬ ዘምዘም ሳይቀሩ፣ የሱቁ ሕልም ይነገርልኝ ብለው መጥተዋል። እናቴ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። አዎ፣ ወንበር ሰጡኝ። እኔ ሻርጃ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቼ ቆሜያለሁ። ንግግሬን በደንብ ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ጥንቁቅ ሰው አይደለሁ?

«የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ በቅድሚያ ለዚህ ቀን ላደረሰን ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ በመቀጠልም የማኅበራችንን ሙሴ፣ እንዲሁም ከአቀስታ ድረስ ድካም ሳይበግራቸው...»

«ልጄ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ» አሉ አያ ደስታው።

«ወደ ነገሩ እመጣለሁ፣ አያ ደስታው። በመቀጠልም...»

«እታለም፣ ተይው» የሚል ድምፅ መጣ። የይበልጣል ነው። «ነገሩ የኔ ነው። እኔ ልናገር።»

ወንበር ተንቋቋ። ዶሮ እንኳ አልተናገረችም።

«አያ ደስታው፣ ያን ዕለት ሽማግሌዎቹ ፊት...»

ስልኩ ተቋረጠ።

ደወልኩ፤ አይገባም። ደግሜ ደወልኩ፤ ያቺ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ማግኘት አትችይም አለችኝ። ስልኬን ወደ ጣሪያው አነሣሁት፣ መስኮት ላይ ወጣሁ፣ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ ቆምኩ። ማዳሜ በሩን ከፍታ ማሽን ላይ ቆሜ እጄን ዘርግቼ ሳለቅስ አገኘችኝና መልሳ ዘጋችው። ኔትወርክ ከመካነ ሰላም መቼ ሄዶ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ እሱ ራሱ ብቻ ነው። እኔ የማውቀው፣ የወንድሜ ዕጣ ሲወጣ እኔ የቆምኩት የሰው ፎጣ በሚሽከረከርበት ላይ መሆኑን ነው።

ኔትወርኩ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነገሩኝ፤ ያውም ሁሉም የየራሱን። የተስማሙበትን ብቻ ልጻፍ። ይበልጣል ሁሉንም ተናግሯል። ሳዑዲ መጀመሩን፣ «ሲጋራ አላጨስም» ብሎ የማለው ቬፑን ደብቆ መሆኑን፣ ልጥፉ ከሱ ለመላቀቂያ የተላከ መሆኑን። ሲጨርስ አያ ደስታው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ጉልበታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ከዚያ፦

«እንግዲህ ያንተን ሱስ እኔ በሁለት ጉልበቴ ተሸክሜ አድሬያለሁ ማለት ነው?»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ዘምዘም ናቸው። «አብሽሩ አያ ደስታው፤ እኔም በጆሮ ግንዴ አግዤዎታለሁ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ከአቀስታ የመጣውም ሰው አብሮ ሳቀ፤ ፕላስተር ባያገኝም።

አያ ደስታው አልሳቁም። እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው፣ ለእሑድ ብለው ያስቀመጡትን ያልተከፈተ ልጥፍ አወጡ።

«ክንድህን አምጣ።»

ይበልጣል ሸሚዙን ሰበሰበ። አያ ደስታው ልጥፉን ራሳቸው ከፍተው ክንዱ ላይ አደረጉለትና በመዳፋቸው ተጫኑት።

«ደብቀህ ማልህ፤ ይሄ አስቀይሞኛል። ሳትጠየቅ ተናገርህ፤ ይሄ ደስ ብሎኛል። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እኔ ቤት መጥተህ በኔ እጅ ነው የምትለጥፈው። ይሄ ነገር አልቆ ብቻህን ስትቆም ልጄን ትወስዳለህ። ከዚያ በፊት ሠርግ የለም።»

ሌላውም በየተራ ተነሥቶ ወደየቤቱ ሄደ። አንዱ ከትራሱ ሥር፣ አንዷ ከሳጥኗ፣ የንስሐ አባታችን ከዳዊታቸው መሃል ያስቀመጡትን እያመጡ እናቴ ፊት አኖሩ። እናቴም እኔን ለመቆጣት ስልኩን አነሣች። «ጥፋቱ ያንቺ ነው! ለማኅበርተኛው የጉልበት ቅባት ለብቻ ብትልኪ ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?» አለችኝ። ላክሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ለሰባት ቤት የሚበቃ ቅባት ላክሁ።

ይኸው ወንድሜ ጠዋት ጠዋት ባጃጁን ከማስነሣቱ በፊት አያ ደስታው ደጅ ይቆማል። አሁን ቀላሉ ልጥፍ ላይ ወርዷል። አንድ ቀን ማንጎው አሸንፎት ነበር፤ ማንም ሳያየው ስቦ፣ በማግሥቱ ራሱ ሄዶ ነገራቸው። አያ ደስታው ልጥፉን ከወትሮው ጠበቅ አድርገው ተጫኑት አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልሳበም። ማስተዋልም የሠርጉን ልብስ ጨርቅ ምረጪልኝ ብላ ፎቶ መላክ ጀምራለች። እኔም ከሁለት ቀለም አንዱን ለመምረጥ ሱባኤ ልገባ ነው።

ወደ ልመናዬ ልምጣ። ያን ቅዳሜ እናቴ ግቢ የነበራችሁ ሰዎች፦ እናቴ «እንደ አባቱ ቀጥ ብሎ ቆመ» ትላለች። እትዬ ዘምዘም «አልቅሶ አስለቀሰን» ይላሉ። አያ ደስታው «ጉሮሮው ደርቆ ነበር፣ ውኃ የሰጠው የለም» ብለው ያዝናሉ። እሱን ስጠይቀው «ተናገርኩ፣ አለቀ» ይለኛል። ያን ልጅ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ በጣም የከበደውን እውነት ቆሞ ሲናገር ግን ሁላችሁም ሰማችሁት፣ እኔ ብቻ ሳልሰማው ቀረሁ። እባካችሁ፣ ከናንተ አንዱ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጻፍልኝ፤ ቮይስም ይሁን። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር ወይ? እጁን የት አደረገው? ሲናገር ወደ ማን ያይ ነበር?